ምዕራፍ ስድስት፦ ስለ ፍለጋ ማውጫ መፈጠርና መከፈት

ሰነድ ወደ ፍለጋ ማውጫ የሚያስገባ ፕሮግራም ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ሰነድ ከመቀበሉ አስቀድሞ፣ ለአንድ አጭር ጥያቄ መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም ማውጫውን እንደ አዲስ ይፈጥረዋልን፣ ወይስ ከዚህ በፊት የተፈጠረውን ከፍቶ በላዩ ይጨምርበታል የሚለው ነው። ጥያቄው በፕሮግራሙ ጽሕፈት ውስጥ ከአንድ መስመር የማይበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ ብዙ ጊዜም ከመማሪያ ምሳሌ ላይ እንዳለ ተገልብጦ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ልብ ብሎ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የብዙ ወራት ድካም ተጠብቆ መኖሩ ወይም በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኖ መገኘቱ የሚወሰነው በዚያች መስመር ስለ ሆነ፣ ይህን ምዕራፍ በሙሉ ለእርሷ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሞ ማውጫው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኮምፒዩተር በአንድ ሚሊዮን ሰነድ ውስጥ አንዲት ቃል እንዲፈልግ ሲታዘዝ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ ቢሄድ ጠያቂው መልሱን ሳያገኝ ይሰለቻል፤ ስለዚህ የንባቡን ሥርዐት የሚገለብጥ መዝገብ አስቀድሞ ይዘጋጅለታል። በሰነዱ ዘንድ ሰነዱ ቃላትን ይይዛል፤ በመዝገቡ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ቃል የተገኘባቸውን ሰነዶች ቁጥር ይይዛል። ሦስት ሰነዶች ቢኖሩን፣ የመጀመሪያው ‹ቡና በጅማ›፣ ሁለተኛው ‹ማር በጎጃም›፣ ሦስተኛው ‹ቡና ከማር ጋር› ቢሉ፣ በመዝገቡ ውስጥ ‹ቡና› በሚለው ቃል አጠገብ 1 እና 3፣ ‹ማር› በሚለው አጠገብ 2፣ ‹ከማር› በሚለው አጠገብ ደግሞ 3 ተጽፎ ይገኛል። ቡና የፈለገ ሰው መዝገቡን በፊደል ተራ ወርዶ ቃሉን ካገኘ፣ ሰነዶቹን ሳይነካ መልሱን ይዞ ይመለሳል። ማር የፈለገው ግን ሦስተኛውን ሰነድ እንዳጣ አንባቢው ልብ ይበል፤ የዚህን ጉድለት ምክንያት በኋላ እንመለስበታለን።

አሳቡ ከኮምፒዩተር እጅግ የቀደመ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ከተማ፣ በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የነበሩ የዶሚኒካን መነኮሳት፣ በኋላ ካርዲናል በሆነው በሁግ ዘሳን ሼር መሪነት፣ በላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉትን ቃላት እየለቀሙ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገኝ የሚያመለክት መዝገብ አዘጋጅተው ነበር። በዚያ ዘመን የቁጥር አከፋፈል ገና አልነበረም፤ ለሐዲስ ኪዳን ዛሬ የምናውቀውን ቁጥር ሮበር ኤስቲየን በእትሙ ላይ ያኖረው እ.ኤ.አ. በ1551 ነው። ስለዚህ መነኮሳቱ ምዕራፉን በአሳባቸው ለሰባት ከፍለው ለየክፍሉ አንዳንድ የላቲን ፊደል ሰጡት። ጥበባቸው የሚደነቅበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ቃሉን ከመልቀማቸው በፊት ቃሉ የሚገኝበትን አድራሻ ማጽናት እንዳለባቸው ተረድተዋልና። መዝገቡን ለመጀመር መወሰን የነበረባቸውን ሥርዐት፣ በመካከል ሊለውጡት ቢፈልጉ ከመጀመሪያው ቅጠል እንደ ገና መነሣት በተገደዱ ነበር።

የኮምፒዩተሩን ነገር በተጨባጭ ለመመርመር ከሉሲን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሉሲን በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ የፍለጋ ላይብረሪ ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ በዜሮክስ፣ በአፕልና በኤክሳይት በፍለጋ ሥራ ላይ የቆየው አሜሪካዊው ዳግ ከቲንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ጽፎት በባለቤቱ የመካከል ስም ሰየመው። በ2001 ወደ አፓቼ የሶፍትዌር ድርጅት ገባ፤ በ2005ም በዚያው ድርጅት ውስጥ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነ። ሶለርና ኢላስቲክሰርች የተባሉት ስመ ጥር የፍለጋ ሰርቨሮች ሉሲንን በሆዳቸው ተሸክመው የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ስለ ሉሲን የሚነገረው ነገር ሉሲንን በስሙ የማያውቁትን እጅግ ብዙ ሰዎች ይነካል።

በሉሲን ውስጥ ሰነድ የሚጨምረው ክፍል ኢንዴክስ ራይተር ይባላል። በጥንቶቹ ቨርዥኖች ይህ ክፍል ሲጠራ፣ ማውጫው ያለበት ፎልደርና ቃላቱን የሚለያየው አናላይዘር ከተነገሩት በኋላ፣ በሦስተኛ ደረጃ እውነት ወይም ሐሰት የሚል አንድ ምልክት ይሰጠው ነበር፤ እውነት ከተባለ አዲስ ማውጫ ይፈጥራል፣ ሐሰት ከተባለ ያለውን ይከፍታል። ምልክቱ ስም ስለሌለው፣ መስመሩን የሚያነብ ሰው ‹እውነት› የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ካልፈለገ በቀር አያውቅም ነበር። ብዙ ፕሮግራመሮች ምሳሌውን እንዳለ ወስደው ስለሚያስገቡት፣ ፕሮግራሙ በየሌሊቱ ሲነሣ የቀድሞውን ማውጫ እየጣለ በዚያ ቀን የመጡትን ሰነዶች ብቻ ይይዛል፤ ጸሓፊው በሙከራው ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ አስነሥቶት ስለ ነበር ስሕተቱ አይገለጥለትም።

ከ3.1ኛው ቨርዥን ወዲህ ያ ስም የለሽ ምልክት ቀርቶ በምትኩ ሦስት መንገዶች ተሰይመዋል። ክሪኤት የተባለው አዲስ ይፈጥራል፣ ከዚህ በፊት የነበረ ቢኖርም ይተካዋል። አፔንድ የተባለው ያለውን ይከፍታል፣ ምንም ከሌለ ግን ማውጫ አላገኘሁም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ክሪኤት ኦር አፔንድ የተባለው ሦስተኛው፣ ካለ ይከፍታል፣ ከሌለ ይፈጥራል፤ ፕሮግራመሩ ምንም ሳይመርጥ ቢተወውም ሉሲን በራሱ የሚይዘው ይህንኑ ነው። ከሉሲን ጋር አብሮ የሚሰጠው የማሳያ ፕሮግራም ደግሞ አፕዴት የሚል ትእዛዝ ካልጨመሩለት በቀር በክሪኤት ይነሣል፤ ለማሳያ ይህ ተገቢ ነው፣ ተማሪው ምሳሌውን በደጋገመ ቁጥር ከንጹሕ ነገር እንዲጀምር ይረዳዋልና፤ ለእውነተኛ ሥራ ግን ማሳያውን እንዳለ የወሰደ ሰው ማውጫውን በየቀኑ ለመጣል ተስማማ ማለት ነው።

ክሪኤት ማለት የተጻፈውን ብራና ፍቆ በላዩ ሌላ ነገር መጻፍ ይመስላል፤ ብራናውን የፋቀ ጸሓፊ፣ አዲሱን ንባብ ገና ሳይጨርስ ቢታመም፣ አሮጌውም አዲሱም ይጠፉበታል። ሉሲን ግን በዚህ ረገድ ከፋቂው ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ ተሠርቷል። ሰነዶች ሲገቡ መጀመሪያ በማስታወሻ ክፍል ይከማቻሉ፤ ይህም ክምችት፣ ካልተለወጠ በቀር፣ 16 ሜጋባይት ሲደርስ ሴግመንት ተብሎ ራሱን እንደ ቻለ ትንሽ ማውጫ ወደ ዲስክ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የተጻፈ ሴግመንት በውስጡ ያለው አይለወጥም፤ ሰነድ ቢሰረዝ እንኳ የተሰረዘው ሰነድ ቁጥር በሌላ ፋይል ላይ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ሴግመንቱ አይነካም። ትንንሾቹ ሲበዙ ከበስተኋላ ተዋሕደው ትልቅ ይሆናሉ፤ የተሰረዙት በእውነት የሚወጡት በዚህ የውሕደት ጊዜ ነው። የትኞቹ ሴግመንቶች ተሰብስበው ማውጫው እንደሚባሉ የሚናገረው ደግሞ ሴግመንትስ የሚል ስም ያለው፣ በመጨረሻው ተራ ቁጥር የተጨመረበት አንድ ትንሽ ፋይል ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ትንሽ ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ኮሚት ብሎ ሲያዝ፣ ሉሲን አዲሶቹ የሴግመንት ፋይሎች ከኮምፒዩተሩ ማስታወሻ አልፈው በዲስኩ ላይ መጽናታቸውን ያረጋግጣል፤ አዲሱንም ዝርዝር በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፤ በመጨረሻም ያን ጊዜያዊ ስም አንድ ቁጥር ከፍ ባለው በሴግመንትስ ስም ይለውጠዋል። ስም መለወጥ በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ወይም ፈጽሞ የማይፈጸም ሥራ ስለ ሆነ፣ መብራት በየትኛውም ደቂቃ ቢጠፋ ማውጫው ወይ በአሮጌው ወይ በአዲሱ ዝርዝር ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህም በክሪኤት የተከፈተ ማውጫ እንኳ ኮሚት እስኪደረግ ድረስ አሮጌውን አያጠፋም፤ ፕሮግራሙ በመካከል ቢሰናከል ወይም ሥራውን ለመመለስ ቢወስን፣ የቀድሞው ዝርዝር በቦታው አለ። በዚያን ጊዜ በማንበብ ላይ የነበሩ ፈላጊዎችም በከፈቱበት ሰዓት የነበረውን መልክ እያዩ ይቀጥላሉ፤ አዲሱን የሚያዩት እንደ ገና ሲከፍቱ ነው። ይህን ሥርዐት ባሰብኩት ቁጥር የሠሪዎቹ ጥንቃቄ ያስደንቀኛል፤ ከኮሚት በኋላ ግን ምሕረት የለም፣ አሮጌው ዝርዝር ይሰረዛል፣ ፋይሎቹም ይወገዳሉ።

ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉም ጥበቃ ተደርጓል። በፎልደሩ ውስጥ ራይት ሎክ የሚባል ፋይል አለ፤ ኢንዴክስ ራይተር ሲከፈት በዚህ ፋይል ላይ ቁልፍ ያገኛል፣ ሁለተኛው የመጣ ጸሓፊ ቁልፉን ማግኘት ስላልቻለ ተመልሶ ይሄዳል። ይህ ጥበቃ የሚያስፈልገው ለመጨመር ብቻ አይደለም፤ ለመፍጠርም ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማውጫው አለመኖሩን አይተው ሁለቱም ልፍጠር ቢሉ፣ መመልከታቸውና መፍጠራቸው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለ ሆኑ በመካከሉ ክፍተት ይኖራል፤ ያን ክፍተት የሚዘጋው ቁልፉ እንጂ አስቀድሞ መመልከታቸው አይደለም። ቁልፉ የተያዘው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ሲሆን፣ ፕሮግራሙ በድንገት ቢሞት ሲስተሙ ይለቀዋል፤ ፋይሉ በፎልደሩ ውስጥ ተቀምጦ መታየቱ ብቻ ማውጫው እንደ ተቆለፈ አያስረዳም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መግለጥ ያስፈልጋል። ማውጫው አለ የሚባለው ፎልደሩ ስላለ አይደለም፣ በውስጡ ፋይሎች ስላሉም አይደለም፤ ኮሚት የተደረገ የሴግመንትስ ፋይል ስላለ ነው። ‹ፎልደሩ ካለ ክፈት፣ ከሌለ ፍጠር› ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ባዶውን ፎልደር አስቀድሞ ባዘጋጀለት ቀን ፕሮግራሙ ይቆምበታል። እንዲሁም አዲስ ማውጫ ፈጥሮ ገና ኮሚት ሳያደርግ ፈላጊውን ክፍል የሚከፍት ሰው፣ የሴግመንትስ ፋይል አልተገኘም የሚል መልስ ያገኛል፤ መድኀኒቱ ቀላል ነው፣ ማውጫው እንደ ተፈጠረ፣ አንድ ሰነድ እንኳ ሳይገባበት፣ ባዶውን ኮሚት ማድረግ ነው። ማውጫ መኖሩን ለመጠየቅ ደግሞ ሉሲን ራሱ ያዘጋጀው ጥያቄ አለ፤ የፎልደሩን መኖር ከመመርመር ይልቅ እርሱን መጠቀም ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ እመጣለሁ። ሦስተኛው መንገድ፣ ካለ የሚከፍተው ከሌለም የሚፈጥረው፣ ከሁሉ የተመቸ ስለ ሆነ ከሁሉ የተመረጠ ሆኗል፤ እኔ ግን ሰነድ በየቀኑ ለሚጨምር ፕሮግራም ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው እርሱ ነው እላለሁ። ክሪኤት ቢያጠፋም ጥፋቱ በማግስቱ ይታያል፤ ክሪኤት ኦር አፔንድ ግን ስሕተትን ወደ ጸጥታ ይለውጣል። አንድ ፕሮግራም የማውጫውን ቦታ ሙሉ አድራሻ ሳይናገር ‹ማውጫ› በሚል አጭር ስም ብቻ ያመለክታል እንበል። ፕሮግራመሩ በእጁ ሲያስነሣው ከፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ሆኖ ስለ ሆነ፣ ማውጫው በዚያ ተፈጥሮ ለወራት ይሠራል። አንድ ቀን ሥራው በሰዓቱ ራሱ እንዲነሣ ክሮን ለተባለው የሰርቨሩ ሰዓት ጠባቂ ይሰጣል፤ ክሮን ደግሞ ሥራን የሚጀምረው ከተጠቃሚው ዋና ፎልደር ነው። በዚያ ‹ማውጫ› የሚባል ነገር የለም። አፔንድ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ በዚያች ሌሊት ቆሞ ማውጫ አላገኘሁም ብሎ በጮኸ ነበር፤ ክሪኤት ኦር አፔንድ ግን በዝምታ አዲስ ማውጫ በሌላ ቦታ ይፈጥራል፣ የዕለቱን ሰነዶች በደስታ ያስገባል፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ይመዘግባል። ፈላጊዎቹ አሮጌውን ማውጫ ስለሚያነቡ የትናንቱን ሁሉ ያገኛሉ፣ የዛሬውን ግን አያገኙም፤ ማንም ስሕተት አላየም፣ ማንም ስሕተት አልተነገረውም፤ የአንድ ወር ሰነድ የት እንደ ገባ የሚፈለገው አንድ ሰው ባለፈው ሳምንት የጻፈውን ደብዳቤ ፈልጎ ባጣው ጊዜ ነው።

ስለዚህ መፍጠርና መጨመር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ መደባለቅ የለባቸውም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ማውጫ የሚፈጥረው ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ይሁን፤ ሰው አውቆ፣ ቦታውን ሙሉ ጠርቶ፣ አንድ ጊዜ ያስነሣው፤ በዚያ ቦታ ማውጫ ካገኘ አልፈጥርም ብሎ ይመለስ። በየቀኑ የሚጨምረው ግን በአፔንድ ብቻ ይከፈት፤ ማውጫውን ባጣ ጊዜ የሚያሰማው ጩኸት ለባለቤቱ ከሚያደርጋቸው አገልግሎቶች ሁሉ ይበልጣል። ለሙከራ በሚጻፍ ፕሮግራም፣ ማውጫው በሰከንዶች ውስጥ ተፈጥሮ በሚጣልበት ቦታ፣ ሦስተኛው መንገድ ምንም ጉዳት የለውም።

አፔንድ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ያለውን ከፍቶ የሚጨምር ፕሮግራም፣ ትናንት ያስገባውን ሰነድ ዛሬ እንደ ገና ቢያገኘው፣ ሉሲን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አያውቅምና ሁለት ጊዜ ያስገባዋል፤ በየሌሊቱ ተመሳሳይ ፎልደር የሚያነብ ፕሮግራም በአሥረኛው ቀን ለአንድ ጥያቄ አሥር ግልባጭ ይመልሳል። ሰነዱን በሉሲን የውስጥ ቁጥር ለመለየት መሞከርም አይረዳም፣ ያ ቁጥር ሴግመንቶች በተዋሐዱ ቁጥር የሚለወጥ ነውና። የሚረዳው ባለቤቱ ራሱ ለእያንዳንዱ ሰነድ የማይለወጥ መለያ ሰጥቶ፣ ሲጨምር በመጨመር ትእዛዝ ሳይሆን በማደስ ትእዛዝ መጨመሩ ነው፤ የማደሱ ትእዛዝ ያ መለያ ያለበትን አሮጌ ሰነድ ይሰርዛል፣ አዲሱንም ያስገባል፣ ሁለቱንም እንደ አንድ ሥራ ስለሚፈጽማቸው በመካከል ሰነዱ የጠፋበት ጊዜ አይታይም።

መፍጠር ራሱን የቻለ ሥራ ይሁን ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም በመፈጠር ሰዓት የሚወሰነው ነገር ብዙ ስለ ሆነ ነው። ከላይ ማር የፈለገው ሰው ሦስተኛውን ሰነድ ያጣው፣ አናላይዘሩ ‹ከማር› የሚለውን ‹ከ› ሳይነጥል እንዳለ ስለ መዘገበው ነበር። አማርኛ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ የሚሉትን ከስሙ ጋር አጣብቆ የሚጽፍ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ይህን የማያውቅ አናላይዘር የአንዱን ስም ብዙ መልክ እንደ ብዙ ቃል ይቈጥራል። የፊደሉም ነገር እንዲሁ ነው። ፀሐይ የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ የመጀመሪያው ፊደል በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ፣ ሁለተኛው በሃሌታው፣ በሐመሩና በብዙኃኑ፣ በግዕዙም በራብዑም ሲጻፍ ይገኛል፤ ሁለቱን በስድስቱ ብናባዛ፣ ለአንድ ድምፅ 12 አጻጻፍ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመዘገብ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስላገኘ፣ ለኮምፒዩተሩ እነዚህ 12ቱ አንዳቸው ከሌላው ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። መድኀኒቱ አናላይዘሩ ሰነዱን ሲያስገባ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ እንዲመልስ፣ የፈላጊውንም ጥያቄ በዚያው ሥርዐት እንዲመልስ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ማውጫው ያለዚህ ሥርዐት ተፈጥሮ አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ፣ ፕሮግራመሩ ጉድለቱን ተረድቶ አናላይዘሩን ቢለውጥና በአፔንድ ቢቀጥል ምን ይሆናል? ያለፈው ዓመት ሰነዶች ‹ፀሐይ› እንደ ተባሉ በፀሐዩ ፀ ስር ተመዝግበው ይቀራሉ፤ የዘንድሮዎቹ ‹ጸሀይ› ተብለው በጸሎቱ ጸ ስር ይገባሉ፤ የፈላጊው ጥያቄም ወደ ‹ጸሀይ› ስለሚመለስ፣ ቃሉን በየትኛውም አጻጻፍ ቢጽፈው የሚያገኘው የዘንድሮዎቹን ብቻ ነው። ማሻሻያው የቀድሞውን ሥራ ሠወረ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ መክፈት አይጠቅምም፤ መፍጠር ግድ ነው፣ ሰነዶቹም ሁሉ ከመጀመሪያው እንደ ገና ይገባሉ። የግዕዝ መጻሕፍትን ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ከዚህ አልፎ ማሰብ አለበት፤ በግዕዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሠረቀ ወጣ ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሰረቀ መስረቅ ነውና፣ ፊደሎቹን አንድ ማድረግ የፀሐይን መውጣት ከሌባ ሥራ ጋር ያደባልቃል። ለእርሱ የሚሻለው ንባቡን በሁለት ክፍል መመዝገብ ነው፤ አንደኛው ሞክሼዎች የተዋሐዱበት፣ ሁለተኛው የሊቃውንቱ አጻጻፍ እንዳለ የተጠበቀበት። ይህም ቢሆን በመፈጠር ሰዓት የሚወሰን ነው።

ሻይ ባኖን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው በኢላስቲክሰርች ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ስውር ይሆናል። በዚያ፣ ካልተከለከለ በቀር፣ የማይታወቅ ስም ላለው ማውጫ ሰነድ የላከ ሰው፣ ማውጫው ሳይኖር ማውጫ ይፈጠርለታል፤ በስሙ ላይ አንድ ፊደል የተሳሳተም እንዲሁ አዲስ ማውጫ ያገኛል። የሰነዱ ክፍሎች ምን ዐይነት እንደ ሆኑ ያልተነገረው ሰርቨር፣ ከመጀመሪያው ሰነድ ገምቶ ይወስናል። የቆዩ ደብዳቤዎችን የሚያስገባ መዝገብ ቤት የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን ‹1941-05-05› ተብሎ ቢላክለት፣ ሰርቨሩ ይህ ክፍል የቀን ክፍል ነው ብሎ ያጸናል፤ ሁለተኛው ደብዳቤ በዚያው ዕለት ተጽፎ ‹ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.› ቢል፣ ቀን ሆኖ ሊነበብ አልቻለም ተብሎ ሰነዱ ይመለሳል። የተጸናው የክፍሉ ዐይነት በዚያው ማውጫ ላይ አይለወጥም። ማውጫው ሻርድ ለሚባሉ ስንት ቁራጮች እንደሚከፈልም የሚወሰነው ሲፈጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ ወጣው እስከ 7.0 ድረስ ያልተነገረው ሰርቨር 5 ያደርገው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ 1 ያደርገዋል። ይህም ቁጥር እንዲሁ በኋላ የማይነካው፣ ሰነዱ የሚገባበት ሻርድ በመሠረቱ ከመለያው የተሰላ ቁጥር ለሻርዶቹ ብዛት ተካፍሎ በሚተርፈው ስለሚታወቅ ነው፤ ስሌቱ 17 የሰጠው ሰነድ በ5 ሻርድ ጊዜ ትራፊው 2 ነበር፣ በ6 ግን 5 ይሆናል፤ ሰነዱ ግን በቀድሞው ቦታ ስላለ ፈላጊው በባዶ ሻርድ ያንኳኳል።

ብዙ ሰው የሚያገለግል ማውጫን እንደ ገና መፍጠር ሲያስፈልግ ልምድ ያላቸው የሚከተሉት መንገድ፣ አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን በሌላ ስም በአጠገቡ መፍጠር ነው። ፈላጊዎቹ ማውጫውን በእውነተኛ ስሙ አይጠሩትም፣ ኤሊያስ በሚባል ቅጽል ስም ይጠሩታል እንጂ፤ አዲሱ ሲሞላ፣ በሁለቱ ውስጥ ያሉት ሰነዶች ቁጥር ተመሳክሮ፣ ጥቂት የታወቁ ጥያቄዎችም በሁለቱ ላይ ተሞክረው መልሱ ሲስማማ፣ ቅጽል ስሙ በአንድ ትእዛዝ ከአሮጌው ተነሥቶ ወደ አዲሱ ይዛወራል። አሮጌውን በዚያው ቀን መሰረዝ አልመክርም፤ ጥቂት ሳምንት ቢቀመጥ የሚወስደው ቦታ፣ ጉድለት ቢገኝ ከሚያድነው ጭንቀት ያነሰ ነው።

የመፈጠር ሰዓት ማኅተም በማውጫው ላይ እስከ መጨረሻው መኖሩን ሉሲን ራሱ በሕግ ደንግጎታል። ሉሲን የሚያነበው አሁን ባለበት ዐቢይ ቨርዥንና ከእርሱ አንድ በቀደመው የተጻፈውን ማውጫ ነው። በቀድሞ ጊዜ ሰዎች ይህን ገደብ ለማለፍ የቆየውን ማውጫ በመካከለኛው ቨርዥን ከፍተው ሴግመንቶቹን ሁሉ እንደ ገና በማስጻፍ ወደሚቀጥለው ያሸጋግሩት ነበር። ከ7.0 ወዲህ ግን ማውጫው መጀመሪያ የተፈጠረበት ዐቢይ ቨርዥን ቁጥር በሴግመንትስ ፋይል ላይ ይጻፋል፤ 8.0ም በ6ኛው የተፈጠረውን ማውጫ፣ ሴግመንቶቹ ሁሉ በ7ኛው ቨርዥን ተዋሕደው ታድሰው ቢመጡለት እንኳ፣ አልከፍትም ይላል። ምክንያቱም በአሮጌው ሥርዐት የጠፋ ነገር፣ ለምሳሌ የሰነዱን ርዝመት የሚያመለክተው ቁጥር በጠባብ መልክ ተጠጋግቶ መመዝገቡ፣ ፋይሉን እንደ ገና በመጻፍ አይመለስም፤ የሚመለሰው ከሰነዱ ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሰነዶች ከማውጫው ውጭ፣ በራሳቸው ቦታ፣ በሙሉ ንባባቸው ያስቀመጠ ሰው ክሪኤት ብሎ በአዲሱ ቨርዥን ይጀምራል፤ ማውጫውን እንደ ዕቃ ቤት ቈጥሮ ሰነዶቹን የጣለ ሰው ግን የሚፈጥርበት ነገር ስለሌለው በአሮጌው ቨርዥን ላይ ይቀራል።